ከባላባቱ አዳራሽ የበለጠው መሠረት

ለሰጪ መንግሥታትም ለተቀባዮችም፣ ለሩቅም ለቅርብም ይታወቅ፤ የጭሰኛው የባቻል ፍየል ዛሬ ማለዳ የጌታዋን አዲስ የቤት መሠረት፣ ላዩ ላይ ተኝታ በማመንዠክ፣ በይፋ መርቃ ከፍታለች። ጌታዋ ግን ዶማ ይዞ የመጣው ለምረቃ አልነበረም። መሠረቱን ዝቅ ሊያደርግ ነበር።

መቆፈር እንደጀመረ የወንድሙ ልጅ ኩንጅ ወደ ማዶ መንደር ስታልፍ አየችውና ከመኪና ወረደች። ግንባታ ተምራ፣ የካቻምናው ጎርፍ ያፈረሳቸውን የሲንድ ክፍለ ሀገር መንደሮች በባሕር ማዶ መንግሥት እርዳታ በሚያሠራ ቢሮ ተቀጥራለች።

«አጎቴ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ቤቴን ሥርዓት እያስተማርኩት።»

«መሠረቱ ከጎርፉ ልክ በታች ከወረደ እኮ የግድግዳውና የጣሪያው እርዳታ ይቀራል! ዝናቡ ደርሷል። አክስቴን ዘንድሮም ድንኳን ውስጥ ሊያከርሟት ነው?»

ባቻል በአገጩ ወደ ባላባቱ የእንግዳ አዳራሽ ጠቆመ። ባላባት ባለበት ጭሰኛ አልጋ ላይ አይቀመጥም፤ ቦታው መሬት ነው። ባቻልም ዕድሜውን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጦ አንድም ቀን አላፈረም።

«ለክቼዋለሁ። የእኔ ወለል ከአዳራሹ ወለል በክንድ ይበልጣል። እሳቸው በደጄ ሲያልፉ እግሬን ጥምጥማቸው ላይ ላንጠለጥል ነው? እናንተ የተማራችሁት ነውር የሚባል ነገር አታውቁም?»

«ውሃው ነውር ያውቅ ነበር? የባላባቱን ደጅ አንኳኩቶ፣ አስፈቅዶ ነው የገባው?»

«ውሃማ ባለጌ ነው።»

«ከጎርፉ ሸሽተን ሁላችን የቦዩ ግድብ ላይ የወጣን ለታ የባላባቱ እናት የት ነበር የተኙት?»

ባቻል ዶማውን ተደግፎ መለሰ። «ከአክስትሽ እግር ሥር።»

«ታዲያ ሰማይ ተደፋ?»

«ተደፋ እንጂ! ያ ሁሉ ዝናብ ሌላ ምን ነበር?»

ኩንጅ ሳቋን ዋጠች። ባቻል የረታ መሰለውና ቀጠለ፦ «ያ መንግሥትስ ምን ፈልጎ ነው? በነፃ የሚሰጥ ጤነኛ አላየሁም።»

«እሱም ሳይፈልግ አልሰጠም። ወዳጅ ይፈልጋል፤ ስሙ እንዲነሣም ይፈልጋል። ገንዘቡ ግን የሕዝቡ ግብር ነው። እዚያ አውቶቡስ ከምትነዳ ሴት ደመወዝ ላይ የተቆረጠ።»

«አታውቀኝ፣ አላውቃት!»

«ስለማታውቅዎት ነዋ ከፍታው የሚለካው። የእርስዎን እንባ አላየችም። የሰጠችውን ገንዘብ ውሃ ዳግመኛ እንዳይበላው ብቻ ነው የምትፈልገው። አሁን በዶማ የሚንዱት የእሷን ድካም ነው።»

ይህ ነካው፤ የሰው ላብ ማባከን በባቻልም ዘንድ ነውር ነው። ዶማውን ግን አልጣለም። ጭንቅላቱ የተረታ፣ ወገቡ ግን እምቢ የሚል ሰው ሞልቷል፤ በተለይ መጎንበስ የለመደ ወገብ።

«ለመሆኑ» አለች ኩንጅ፣ «ቤቱ የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ!»

«አይደለም። እርዳታው ሲሰጥ ቤቱ በሴቷ ስም ይሁን ተብሎ በሸንጎ ፊት እሺ ብለዋል። ቤቱ የአክስቴ ነው። እርስዎ እንግዳ ነዎት።»

ከድንኳኑ ውስጥ የሚስቱ የባጉል ድምፅ መጣ። «እኔ ከማንም በላይ ብቀመጥ ቅር አይለኝም! እንግዳው ዶማውን ያስቀምጥና ጭቃ ያቡካልኝ!»

ባቻል ሲያስበው፣ ቤቱ የሚስቱ ከሆነ ነውሩም የእሱ አይደለም። ከዚያ የቆፈረውን መልሶ ደለደለና ጭቃ ማቡካት ጀመረ።

ዝናቡ ሲመጣ ጣሪያው ተከድኖ ነበር። ውሃው ግቢው ውስጥ ሲተኛ እህላቸው ሳይሻግት፣ የልጅ ልጆቻቸው በትኩሳት ሳይንቀጠቀጡ ከረሙ። ባጉልም ከአልጋዋ ሳትወርድ ጎርፉን እንዳሻት ሰደበችው። ይህን ያዩ ጎረቤቶች የየራሳቸውን መሠረት ከፍ ለማድረግ ለመኑ እንጂ አልተከራከሩም።

አንድ ቀን፣ ባቻል ደጃፉ ላይ በጠፍር አልጋ ተቀምጦ ሳለ፣ ባላባቱ አዳራሹ ውሃ ገብቶበት በጭቃው ውስጥ እየተጎተተ መጣ።

«ባቻል! ከአዳራሼ በላይ ቤት የሠራኸው ምን ቢሰማህ ነው?»

ባቻል እንደ ወጉ ወርዶ መሬት ሊቀመጥ ተነሣ። ታች ውሃ ነበር። ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

«አልናገርም» አለ፤ «ቤቱ የባጉል ነው፤ እኔ እንግዳ ነኝ።»