በኢንግሪድ ስም የሚሰጠው ገንዘብ

እኛ ኦስሎ በገባንበት ዘመን፣ ልጄ፣ ሐበሻ በጣት ይቆጠር ነበር። ትጽፈዋለህ? ጻፈው እንግዲህ፣ ብቻ አታሳምርብኝ፤ አስካለ ያለችውን እንዳለችው ጻፍ። ልጅህን ከቀበርክ ወዲህ እዚህ ቫይትቬት ሰፈር ቤቴ ትመጣለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ዝም ትላለህ። እኔም ዝም ስል ቆየሁ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ላጫውትህ፤ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም።

ታዲያ የእህቴ ልጅ ሜሮን ነርስነት ትማር ነበር። ሮመን ሰፈር አንድ ቤተሰብ ምድር ቤት ውስጥ ክፍል ተከራይታ፣ ላይ ሦስት ልጆች ሲሯሯጡ እሷ ታች ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ታጠናለች፣ እና ፈተና ወደቀች፣ ደግማ ተፈተነች፣ ደግማ ወደቀች። «አክስቴ» አለችኝ፣ «ከዚህ ክፍል ካልወጣሁ ትምህርቱ አይሆንልኝም። አልናብሩ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሥራ አለ፣ ሄጄ ካርቶን ልደርድር።» «ካርቶኑን እኔ እደረድራለሁ፣ አንቺ ተማሪ!» እላታለሁ። እንዲህ ስንባባል ነው የማኅበሩን ነገር ያመጣሁት፣ እኔው ራሴ፣ ማንም አይደለም።

ማኅበሩ የሴት ተማሪዎች ነው፤ እህትማማቾች ነን ይላሉ። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ አሮጌ የእንጨት ቤት አላቸው፣ እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ አጸዳዋለሁ። አባል ለሆነች ፎቁ ላይ ሂበል በርካሽ ይሰጣሉ፤ ሂበል እንግዲህ የተማሪ ክፍል ነው፣ ጸጥ ያለ፣ ጠረጴዛ ያለው፣ ለሜሮን ገነት በለው። ታዲያ መከራው መግባቱ ነው። የመግቢያ አለ፣ የዓመት አለ፣ በየወሩ የእራት አለ፣ ደረት ላይ የሚሰካ የብር ፒን አለ፣ ሁሉም የሚለብሱት ረጅም ጥቁር ቀሚስ አለ፤ እሱንም አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው የሚሰፋው። ብደምረው የሁለት ወር ደሞዜን በላ። «ለእህትነት ይከፈላል እንዴ?» አለች ሜሮን። «እዚህ አገር ለምኑ የማይከፈል አለ?» አልኳት።

እና አንድ ማክሰኞ መስተዋት ስወለውል ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ አየሁ። ሌጋት ይላል፣ በኢንግሪድ ስም። ሌጋት በሞተ ሰው ስም የሚቀመጥ ገንዘብ ነው። በዓመት ለአንዲት ልጅ ሁሉን ይከፍልላታል፤ መግቢያውን፣ ፒኑን፣ እራቱን፣ ቀሚሱንም ሳይቀር። ሜሮን አመለከተች፣ ተጠራች። «ብቻዬን አልሄድም» ብላ እኔን አስከትላ ሄደች።

ሰጪዋ ቶራ የምትባል አሮጊት ናት፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች። ኢንግሪድ ልጇ ነበረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ማኅበሩ ሊቀበላት ሳምንት ሲቀራት ሞተች። ታዲያ አሮጊቷ ስለ ትምህርቱ አንዲት ቃል አልጠየቀችም። የሜሮንን ትከሻ አየች፣ አንገቷን አየች፣ ተነሥታ ከቁም ሳጥን ቀሚስ አወጣች። እኛ እኮ ይሰፋላታል ብለን ነው! የሟቿ ነው ለካ። ሜሮን ለበሰችው። ልጄ፣ መርፌ አልነካውም፣ ልክክ አለ። አሮጊቷ እጅጌውን ጎተት ጎተት አደረገችላትና እንዲገባን ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦ «በመቀበያው ቀን ስም ይጠራል። የአንቺ ሲጠራ ለራስሽ ትመልሻለሽ። የኢንግሪድ ሲጠራ ለእሷ ትመልሻለሽ። ‹ያ› በይ፣ በቃ። ሌላ ግዴታ የለብሽም።»

‹ያ› አዎ ማለት ነው፣ ታውቀዋለህ። ትንሽ ቃል ነች።

ከበር እንደወጣን «እንዳትመልሺ!» አልኳት። «እኛ ጋ የጠራሽን ሰው ሳታዪ አቤት አይባልም! ያውም የሞተች ልጅ ስም!»

«ኧረ አክስቴ፣ ፎርማሊቴት ነው እኮ፣ ለወጉ ያህል!»

«ፎርማሊቴትሽን ለራስሽ! እናትሽ ያወጣችልሽ ስም አለሽ።»

«ካልመለስኩ ክፍሉ ቀረ።»

«ይቅራ!»

«እና ካርቶን ልደርድር?»

ምን ልበላት? አንተ ብትሆን ምን ትላት ነበር?

ታዲያ ቀኑ ደረሰ። ወሩ ኅዳር ነው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጨልሟል። እኔ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገባሁ፣ እና የኩሽናው በር ገርበብ ብሎ አዳራሹን አያለሁ። ልጆቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰው በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አሮጊቷ ጫፍ ላይ፣ ሜሮን መሃል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ጠጉረ ቀይ ልጅ ነች፣ ወረቀቱን ይዛ ተነሣች። እየጠራች እየጠራች መጣችና «ሜሮን!» አለች። «ያ!» አለች የእኔዋ፣ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ። ቀጠለችና «ኢንግሪድ!»

ጸጥ።

ሜሮን ሳህኗ ላይ አቀርቅራለች። እኔ እርጥብ እጄን አፌ ላይ ጭኜ በልቤ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» እላለሁ። «ኢንግሪድ!» አለች ደግማ። አንዷ ሳለች። ከጎኗ ያለችው ልጅ ሜሮንን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። ሜሮን ንቅንቅ የለም። ጠጉረ ቀይዋ ተቸግራ ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል አሮጊቷ እጇን አነሣች፣ ቆይ እንደ ማለት። ቆየን። የቧንቧው ውኃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። ከዚያ ሦስተኛ፣ «ኢንግሪድ!»

«ያ።»

ቀስ ያለች፣ ገና ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ድምፅ። እና ሁሉም አጨበጨበ፣ ለሜሮን ፒኑን ሰኩላት፣ ዘፈን ዘፈኑ፣ አሮጊቷ ግን አላጨበጨበችም። እኔ ንዴቴ ሳህን ሊያሰብረኝ ምንም አልቀረው።

ባቡር ውስጥ እንደተቀመጥን «እምቢ በይ እያልኩሽ መለስሽ አይደል?» አልኳት።

«እኔ?» ዐይኗ ፈጠጠ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ? እኔን ለማዳን ብለሽ ከኩሽና የመለስሽልኝ መስሎኝ!»

«እኔማ አፌን ይዤ ነበር!»

«እኔም አልተነፈስኩም፣ እመብርሃንን!»

ተያየን። «በየት በኩል ሰማሽው?» አልኳት። «በመስኮቱ በኩል» አለችኝ። መስኮቱ ጋ ወንበር የለም። ወንበሮቹን በጠዋት የደረደርኳቸው እኔ ነኝ። ያን ሌሊት ሜሮን እዚህ እኔ ጋ አደረች።

ታዲያ ሜሮን ወደ ክፍሉ መግባት አቃታት። ሻንጣዋ ታስሮ እዚህ በሬ ላይ ሦስት ቀን ቆመ። «ግዴታዬን ሳልፈጽም የሰው ገንዘብ ልብላ?» ትላለች። «ማን አየሽ፣ ዝም ብለሽ ግቢ» አልኳት፤ ኃጢአቴን አልደብቅህም። እሷ ግን እንደ እናቷ ቀጥ ያለች ናት። በአራተኛው ቀን ቀሚሱን አጣጥፋ በከረጢት ያዘች፣ እና ተያይዘን አሮጊቷ ጋ ሄድን።

«እኔ አልመለስኩም» አለቻት በሩ ላይ እንደቆመች። «ፈርቼ ነው። ገንዘቡን ለሌላ ልጅ ይስጡት።»

አሮጊቷ ከረጢቱን አልተቀበለችም። «አውቃለሁ» አለች። «የአንቺ ድምፅ ወፍራም ነው፣ ሰምቼዋለሁ።» ከዚያ የበሩን መቃን ያዘችና፦ «በየዓመቱ የሚመጡት ልጆች ጨዋ ናቸው። ስሟ ተጠርቶ ሳያልቅ ‹ያ!› ይላሉ። መልስ አጥታ እንዳታፍር ብለው፣ ቶሎ። ለእሷ ጊዜ የሰጣት የለም። ዝም ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

እንዲህ ነው ያለችው፣ አንድ አልጨመርኩም። ሜሮን ክፍሉ ውስጥ ገባች፣ ተመርቃ እስክትወጣ ተከፈለላት፣ ይኸው ነርስ ናት። ከዚያ ወዲያ ኢንግሪድ ስትጠራ ማንም ልጅ እንዳይመልስ ተባለ አሉ። ደግማ መልሳ እንደሆነ አላውቅም! ዕቃ ማጠቡን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ወጣሁ፣ እኔ ምን ቆርጦኝ እዚያ እቆማለሁ!

እማማ አስካለ እዚህ ላይ ከልባቸው ሳቁ። ሲጨርሱ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው።

«ሁለተኛ ከጠሩ በኋላ ሦስተኛ እስኪጠሩ ምን ያህል ጠበቃችሁ?»

«አልለካሁትም ልጄ» አሉኝ። «ግን ያኔ ማንም አልቸኮለም።»