ባርኔጣቸውን ከጎማ ሥር ያኖሩ የነበሩት አቶ ዳኛው

ፍሬን ማለት የሚሄደውን መኪና የሚያቆም፥ የቆመውንም እንዳይንሸራተት የሚይዝ መሣሪያ ነው። ዛሬ የምንሸኛቸው የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ አቶ ዳኛው ላቀው ግን፥ ፍሬን የሚታመነው እስኪበጠስ ድረስ ብቻ ነው ይሉ ነበር።

አቶ ዳኛው ከአባታቸው ከአቶ ላቀው ነጋ፥ ከእናታቸው ከወይዘሮ ታየች በ1919 ዓ.ም. በትክል ድንጋይ ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ጎንደር መጥተው፥ ጣሊያን ጥሎት በሄደው የጭነት መኪና መንዳት ተማሩ፤ ወይዘሮ ሐረገወይንን አግብተውም ብርቱካንን ወለዱ።

በ1968 ዓ.ም. አንድ የሃያ ዓመት ወጣት የሚነዳው የእህል መኪና በሊማሊሞ ቁልቁለት ተገልብጦ፥ ከጭነቱ ላይ ተሳፍረው የነበሩት ታናሽ ወንድማቸው ማሩ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አቶ ዳኛው ተፈታኙን ሁሉ ከቀሐ ወንዝ በሚያወጣው ዳገት ላይ አስቁመው፥ የራሳቸውን ባርኔጣ ከኋላ ጎማ ሥር ያኖሩ ጀመር፤ መኪናው ሲነሣ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ባርኔጣውን ከነካ ፈተናው አበቃ። ሐዲስ የተባለ ወጣት ሦስት ባርኔጣ አጠፋባቸው። በአራተኛው ባርኔጣው ተረፈ፤ እሳቸውም አገላብጠው፥ ገበሩን ሳይቀር መርምረው፥ እያመነቱ ፈረሙለት።

ብርቱካን ከሊማሊሞ ቁልቁለት ወዲያ ባለችው በዛሪማ በአስተማሪነት ስትመደብ፥ ወደ ቤቷ የምትመጣው እንደ አጎቷ በእህል ጭነት ላይ ሆነ። አባትም እንቅልፍ አጥተው ሰባት ማመልከቻ ጻፉ፤ ወጣቱን ሾፌር በመቅጣት ብቻ ሞት አይቀርምና፥ ሕዝቡ ከጆንያ ወርዶ ወንበር ላይ የሚቀመጥበት፥ ፍሬኑም በየሳምንቱ የሚታይ አውቶቡስ ይመደብ ብለው ለመኑ። ገበያተኞች «አያ ዳኛው፥ አውቶቡስዎ እስኪደርስ እኛ ጆንያው ላይ አርጅተን እንወርዳለን» እያሉ ቢያፌዙባቸውም አልተዉም። በ1975 ዓ.ም. አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ ሐዲስ ነበር።

በዚህ በሰኔ መባቻ አቶ ዳኛው ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ፥ ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ አውቶቡሱን አስቁመው ወረዱ። ሐዲስ «ጋሼ ዳኛው፥ መንጃ ፈቃዴ ላይ የፈረሙት እርስዎ አይደሉ?» ቢላቸው፥ «የፈረምሁት ስለ ባርኔጣዬ ነው፤ ስለ ነፍሴ አልፈረምሁም» ብለው በዝናብ ቁልቁለቱን በእግራቸው ተያያዙት። አውቶቡሱ ሠላሳ ስድስት ተሳፋሪ ይዞ በሰዓቱ ገባ። እሳቸው በማግሥቱ ርሰው ደረሱ፤ የሳንባ ምች ጸንቶባቸውም በሰባተኛው ቀን በልጃቸው ቤት ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐረገወይንና ልጃቸው ብርቱካን በኀዘን ቀርተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን መጠራጠር በማያስፈልግበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቤተ ሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

አስከሬናቸውን ከዛሪማ ያመጣው ያው አውቶቡስ ነው። ከለቀስተኛው መካከል ሊማሊሞ ላይ የወረደ አልነበረም።