ለአንዲት ፊደል ዘጠኝ በር

እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህት ዓለም! ፈቃዱ እንዴት አለፈ? ልጅሽ ጥርስ አወጣች? ወንበርሽን ማንም አልነካብሽም፤ ይኸው መስኮቱ ሥር... ቀስ ብለን እናውራ እንጂ፣ ከጀርባችን ሰው ሥራ ላይ ነው። ጆሮ ማዳመጫ አድርጓል ልትይኝ ነው? አድርጓል። ገመዱ ከምንም ባይሰካም፣ አድርጓል።

ያቺ ሠርተን በነፃ ለሕዝብ የለቀቅናት የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ትዝ ትልሻለች? መጻፊያው፣ መዝገበ ቃላቱ፣ ፊደል አራሚው በአንድ የኮድ ማከማቻ ታጭቀው፣ አርባ ሰው በአንድ ግሩፕ ሲንጫጫ? የጠየቀ ሁሉ በአምስት ደቂቃ መልስ ያገኝ ነበር። ምን ያለ ብልግና ነው! ደግነቱ አንድ የሥርዓት ሰው አላስቻለውም። ኮዱን በየማከማቻው፣ ወሬውን በየቻናሉ ለየልን። ለየለት አላልኩም... ለየልን ነው ያልኩት። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? እሱ ለጋስ ነው፣ ስምንት ቻናል ከፈተ።

ታዲያ አንዲት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጻፈችልን። «‹ዳኛ› ብዬ ስጽፍ ‹ዳና› ይልብኛል፤ ሐሙስ የሚነበብ ውሳኔ አለኝ» ብላ። የመጻፊያው ቻናል ጋ ምን ተባለች? «የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ነው።» መዝገበ ቃላቱ ጋ ሄደች፤ «አራሚውን ጠይቂ።» አራሚው ጋ ያለው አንድ ሰው ብቻ... ማን እንደሆነ እኔ ምን አውቄ! «ጥያቄሽ ቦታውን ስቷል» አላትና፣ ቦታ ለጠፋባቸው ዘጠነኛ ቻናል ከፈተላት። አቤት አሳቢነት!

እኔ ሥርዓት የለሿ ደግሞ ስህተቱን በዚያው ቀን አርሜው ቁጭ ብያለሁ። አንዲት መስመር እኮ ናት! ላስገባው ብል አሮጌው ማከማቻ ታሽጓል። የአዲሱ ፈቃድ ሰጪ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ለቻናሎቹ አርማ ቀለም እየመረጠ ነበር። በዚህ ላይ ሰው ይረበሻል?

ሐሙስ ጠዋት ጸሐፊዋ «አመሰግናለሁ፣ ውሳኔውን በእጄ ጻፍኩት» ብላ ከቻናሉ ወጣች። ያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም... ከደስታ ብዛት ነው መቼም። የቢሮ ጓደኞቿም ተከተሏት፣ ከዚያ የኛዎቹም አንድ በአንድ። አሁንማ ብታዪ ዘጠኙም ጽድት ያሉ ናቸው! አንድ የተዝረከረከ ጥያቄ የለ፣ አንድ የሚንጫጫ ሰው የለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በስንት ልፋት ይገኛል?

ኧረ አትሳቂ፣ እየመረቅሁ እኮ ነው። ዕድሜውን ያርዝምለት። ልጆቹ ሁሉ በሱ ይውጡለት። እርጅና ተጫጭኖት፣ ከአልጋው ሆኖ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሲለምናቸው፣ ልክ እንደ አባታቸው ሥርዓት አዋቂ ይሁኑለት... አሜን በዪ እንጂ!