በሸክላው ሽፋን ላይ የሰፈረው ስም

ፋርቱን ልጄ፣ በዚህ ሐሩር የደቻቱን ወንዝ ተሻግረሽ እስከ ከዚራ ሰፈር? ተቀመጪ፣ ጥላው ይሻላል። እናትሽ ሃዎ ደኅና ናት? ... የዘፈን ሸክላውንም ይዘሽ መጥተሻል። የሸክላው ነገር የሆነው በ1960 ዓ.ም. በጥር ወር ነው፤ ቀን የማይስት ሰው ነግሮኛል። እንዲያ ያለ ጠንቃቃ ድሬዳዋ መቼ አፍርታ ታውቃለች?

ሮክ የሚሉትን ሙዚቃ የሚጫወቱ አራት ፈረንሳዮች፣ ለአዲሱ ሸክላቸው የአፍሪካን ሙዚቃ ፈልገው በባቡር መጡ። አስተርጓሚያቸው ይኸው ቀን የማይስተው ሰው ሆነ። ከበሮ አሰማን ሲሉት፣ ስለ ከበሮ አመጣጥ ከመጻሕፍት እየጠቀሰ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳቸው። ሦስቱ አንቀላፉ፤ አራተኛው ዓይኑን ያልከደነው ከትሕትና የተነሣ ይመስለኛል። ዕውቀት እንዲህ ካላሳረፈ ምን ይረባል?

የቀሰቀሳቸው ከአጥር ወዲያ የተሰማ የሙቀጫ ድምፅ ነው። እናትሽ ማሽላ እየወቀጠች በሶማሊኛ ታንጎራጉር ነበር። ሮጠው ሄደው ቀረጿት፤ ጊታራቸውንም በእሷ ምት አስኬዱት። ኋላ "ስሟ ማን ነው?" ቢሉት ... ያ ትሑት ሰው ምን አለ መሰለሽ? "የወቃጭ ስም በሸክላ ላይ ምን ይሠራል?" የራሱን ግን እንዳይሳሳቱበት ከነአያቱ ፊደል በፊደል አስጻፋቸው። ሌላ ስም አልነበራቸውምና፣ ሸክላው ታትሞ ሲመጣ፣ ተጫዋቾቹ በተዘረዘሩበት ሽፋን ላይ "ሙቀጫና ዜማ" ከሚለው ፊት ለፊት የሰፈረው የእሱ ስም ሆነ። ታዲያ ያርመው? በሰው ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ነጥብ ስትጎድል እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ይህችን ስሕተት ብቻ አምስት ዓመት ታገሣት። "እንኳን ደስ ያለዎ" ሲሉትም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ጨዋነት ይሏል ይህ ነው ...

ጣትሽን ከሽፋኑ ላይ አንሺ፣ ልጄ፤ ስሙን እኔ ፊት ባታነቢው። ዛሬ ጠዋት ስላጭ በመስታወት አይቼዋለሁ፤ ፊቱ እንደሆነ ምንም አልጎደለበትም።

እናትሽ "ድምፁ የእኔ ነው" ባለች ቁጥር፣ ማንበብ የሚችለው ሁሉ ሽፋኑን እያገላበጠ እንደሳቀባት፣ ከዚያ ወዲህም ሳታንጎራጉር እንደምትወቅጥ፣ ቅድም በር ላይ ቆመሽ ስትነግሪኝ ገና መስማቴ ነው።

እሱን ግን ... ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ሸክላው በተከፈተ ቁጥር ሰው ሁሉ በስሙ እየጠራ፣ "እጅዎ ይባረክ" ይበለው።