የማይጮኸው ዩፒኤስ

ከቶጎጫሌ ወደ ጅግጅጋ በምትመጣ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ አዲስ ዩፒኤስ ታቅፏል። አጠገቡ ያለችው ነጋዴ ሴት ዓይኗን ከዕቃው ላይ መንቀል አቃታት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ አብሮ እንዳይጠፋ የሚይዝ ነው። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ።»

«ስንት ሰዓት ይይዛል?»

«አምስት ደቂቃ።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ?»

«የድሮው ግማሽ ሰዓት ይይዝ ነበር። ሸጥኩት።»

«ጤነኛ ነህ ወንድሜ?»

«ይጮኻላ! መብራት በሄደ ቁጥር ጲጵ፣ ጲጵ ይላል። ጎረቤቱ በሙሉ እሱን ሰምቶ ስልክና ቻርጀር ይዞ ይመጣል።»

«እምቢ አትልም?»

«ማንን? ሐጂን? የአከራዬን ሚስት? ባለፈው አንዱ ካውያ ይዞ መጣ።»

«ካውያ!»

«ወላሂ! ሦስት ገጽ የፍርድ ቤት ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር፣ ካውያውን ሲሰካው ሁሉም ድርግም አለ። ባለጉዳዩ ሊደበድበኝ ነበር።»

«ይሄኛውስ አይጮህም?»

«ሦስት ሱቅ ዞሬ፣ መሰኪያውን እያስነቀልኩ በጆሮዬ ነው የመረጥኩት። ትንፍሽ አይልም። አሁን መብራት ሲሄድ ጽሑፌን ሴቭ አደርግና፣ እንደማንኛውም ሰው ጨለማ ውስጥ ቁጭ እላለሁ።»

«ጎበዝ! ሱቅህ የት ነው?»

«ከመስጊዱ ፊት ለፊት፣ አረንጓዴዋ በር!» አለ፣ መኪናው በሙሉ እየሰማው።

እኔም ስልኬን አውጥቼ የቀረችኝን ባትሪ አየሁና፣ «አረንጓዴ በር» ብዬ በልቤ ያዝኩ።