ቀኙ ባዶ ነው

ሙንተሀ የመጣችው ወንድሟን ልትጠይቅ ነበር። በሩ ላይ ያገኘችው ግን ዘይት የጠገበ ቱታ የለበሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ነበሩ።

«ሙሐሲን የለም እንዴ፣ ጋሼ?»

«ባሕር ላይ ነው። እኅቱ ነሽ አይደል? አፍንጫችሁ አንድ ነው። ግቢ፣ ይሄ ፀሐይ ሰው ይገድላል።»

ሽማግሌው ሜካኒክ ጋሽ ሀብተ ወልድ «ግቢ» ይበሏት እንጂ፣ በዚያ አርብ ከሰዓት ከማንም በላይ ሊያዩት የማይፈልጉት ሰው ቢኖር የሙሐሲን ቤተሰብ ነበር። ምክንያቱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቦታው ኩዌት ውስጥ፣ ከሪቃይ ሰፈር አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ፣ ባሕሩ ዳር የቆመ የቆርቆሮ ጋራዥ ነው። በዚያ በኩል ያለው ባሕር ውሃው ሲሸሽ እስከ አድማስ ድረስ ጭቃ ይሆናል። ተራ ጀልባ አይገባበትም፤ በእግሩ የገባም ይሰምጣል። ስለዚህ የጋራዡ ባለቤት አቡ ጣሪቅ አንድ የነፋስ ጀልባ አላቸው። ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከኋላው ሞተርና እንደ አውሮፕላን ያለ ትልቅ ፕሮፔለር ተተክሎበታል፤ በውሃም በጭቃም ላይ ይንሸራተታል። በዚያ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ባሕሩ ውስጥ የተተከለ የዓሣ ማጥመጃ አጥር የሚጠብቅ አንድ ባንግላዴሻዊ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል የሚል ስልክ መጣ። የጀልባው ነጂ ሙሐሲን ብቻውን ወጣ። ውሃው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳል።

የጀልባው ሞተር የአውሮፕላን ሞተር ነው። የአውሮፕላን ሞተር ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡ ሁለት ማግኔቶዎች፣ ግራና ቀኝ፣ አሉት፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ያደርሳል። ከአራት ወር በፊት የግራው ኮይል፣ እሳቱን የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ፣ ተቃጠለ። ከውጭ አገር የታዘዘው መለዋወጫ አልመጣም። ጋሽ ሀብተ ወልድ የቀኙን ፈትተው ኮይሉን ለግራው ሰጡ፤ የቀኙን ክዳን መልሰው አሰሩ፤ ወለወሉትም። ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ አቡ ጣሪቅ «በመኪና ሞተር ብንለውጠውስ?» ሲሏቸው፣ «ሁለት ልብ ያለው ሞተር በምን ይለወጣል?» ብለው አሳፍረዋቸው ነበርና፣ ያንን ቃል መዋጥ ሞት መሰላቸው። መዝገቡ ላይ በየጠዋቱ፣ ደብረ ዘይት አየር ኃይል እንደተማሩት በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ «ግራ፦ ደኅና። ቀኝ፦ ደኅና» ብለው ይፈርማሉ።

ሙንተሀ በርሜሉ አጠገብ ተቀመጠች። ከፕላስቲክ ዕቃ ተምር አውጥታ አቀረበችላቸው፤ ዓይኗ ግን ከበርሜሉ ቱቦ በሚንጠባጠበው ላይ ነበር።

«ይሄ ቤንዚን ምነው ሰማያዊ ሆነ?»

«የአውሮፕላን ነው። ከውጭ ነው የሚመጣው።»

«ሲያልቅስ?»

«ይጠበቃል።»

«እዚህ ከአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ማደያ እያለ?»

ሽማግሌው ሳቁ። «አንቺ ደግሞ የሞተር ነገር ከየት መጣብሽ? የማዳም ወጥ ቤት ሞተር አለው እንዴ?»

«ሦስት አለው። ልብስ ማጠቢያው፣ ማቀዝቀዣው፣ ጭማቂ መፍጫው። ሦስቱንም ፈትቼ ገጥሜያቸዋለሁ። ማዳም ጠጋኝ ጠርታ መክፈል ትታለች፤ እኔ ላይ ግን የሳልዋ ሰፈር ሙሉ እስኪሰማ መጮኋን አልተወችም። ኮምቦልቻ አውቶሞቲቭ ነው የተማርኩት፣ ጋሼ። ደብተሬ አሁንም ሻንጣዬ ውስጥ ነው።»

ጋሽ ሀብተ ወልድ ተምሩን አስቀመጡ። የተማረ ሰው ሲያገኙ መከራከር ይወዳሉ፤ በዚያ ላይ ዝምታው አስፈርቷቸዋል።

«እንግዲያው የተማርሽ ከሆንሽ ስሚ። የመኪና ሞተር ዕድሜውን ሙሉ እየተዝናና ነው የሚሄደው። ትንሽ ይሮጣል፣ መብራት ይይዘዋል፣ ያርፋል። የአውሮፕላን ሞተር ግን በሙሉ ጉልበቱ ሰዓታት እንዲሠራ ነው የተወለደው።»

«እውነት ነው።»

«ውሃ አይፈልግም፤ በአየር ይቀዘቅዛል። በዚህ አገር ሙቀት ራዲያተር ይዘሽ ባሕር ልትገቢ?»

«ይሄ አውራ ጎዳና ላይ ያለው መኪና ሁሉ ፈላ እንዴ፣ ጋሼ? ደግሞ እንደናንተ ያለ ማራገቢያ ከራዲያተሩ አጠገብ የሚዞርለት መኪና የትም የለም።»

«አፍሽ ስለት ነው። ፕሮፔለሩስ? የመኪና ሞተር ጉልበቱን የሚሰጥሽ በአምስት ሺህ ዙር ነው። በዚያ ዙር ፕሮፔለሩን ብትነጂው ይበጣጠሳል።»

«ለዚህ ነው መሃል ላይ ዙር መቀነሻ የሚገባው። በቺንጋ ወይም በጥርስ።»

«ቺንጋ ይበጠሳል!»

«ይበጠሳል። አልዋሽም። ክብደትም ይጨምራል፤ መቀመጫውን ወደ ፊት መሳብ ግድ ይሆናል። የሞተሩን ኮምፒውተርም ጨው ይበላዋል፤ በደንብ ካልታሸገ አንድ ቀን ይሞታል። የማይበላሽ ነገር አመጣለሁ አላልኩም። ሲበላሽ ግን ጠዋት ሹወይኽ፣ ጋራዦቹ ሰፈር፣ ወርደው፣ ከተገለበጠ መኪና ላይ ፈትተው፣ ከሰዓት ይገጥሙታል። የእርስዎ ዕቃ ከታዘዘ ስንት ጊዜው ነው?»

ሽማግሌው የሚንጠባጠበውን የበርሜል ቱቦ አጠበቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። አዲስ ነገር ሁሉ መልካም ነው ብለው የሚሰብኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አሮጌውን በእጃቸው ነክተውት አያውቁም። ጋሽ ሀብተ ወልድ አሮጌውን የወደዱት ስለማያውቁ አልነበረም፤ ከሌላው ሁሉ አብልጠው ስለሚያውቁት ነው። ኩዌት የመጡት በሃሪስነት፣ የሰው በር ሊጠብቁ ነበር። ከዚያ ወንበር ያነሣቸው፣ «መሐንዲስ» ያስባላቸው ይህ ሞተር ነው። ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም፣ በሱ ነው የሚታደሰው። ሰው ክብሩን ያንጠለጠለበትን ምስማር ንቀል ሲሉት፣ ስለ ምስማሩ ጥንካሬ ቢከራከር አይገርምም።

«እኔ የምጠይቅዎት» አለች ሙንተሀ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ሞተር ከአውሮፕላኑ ለምን ወረደ?»

«ሰዓቱን ጨርሶ።»

«ሙሉ ጥገና ተደርጎለት ነው ለአቡ ጣሪቅ የተሸጠው?»

«…አይደለም።»

«እንግዲያው ለሰማይ አይሆንም ተብሎ የተጣለ ነው። እኛ ነን አንሥተን የሰማይ ሞተር ያልነው።»

«ልጄ፣ በሥርዓት ተናገሪ!»

«ይቅርታ ጋሼ። የአውሮፕላን ሞተር መጥፎ ነው አላልኩም። አየር ማረፊያ ላይ ሲሆን ከጀርባው ግምጃ ቤት አለ፤ ተቆጣጣሪ አለ፤ ሰዓቱ ሲሞላ 'አትነሣም' የሚል ሰው አለ። የሚታመነው በነሱ ነው። እዚህ ግን ከጀርባው ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ጋሽ ሀብተ ወልድ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። በአርባ ዓመት የሞተር ሥራቸው እንዲህ ያለ ነገር ማንም ብሏቸው አያውቅም። ነገሩ እውነት መሆኑ ግን ወዲያው ገባቸው፤ ስለገባቸውም የመጨረሻዋን መከላከያ መዘዙ።

«ሁለት ማግኔቶ አለው» አሉ ቀስ ብለው።

«እሱ እንኳ ጥሩ ነው» አለች ሙንተሀ። «ሙሐሲንም እሱን ነው የሚለኝ። እማዬ ከወሎ ደውላ ባሕር ላይ ነው የሚውለው ብላ ስትጨነቅ፣ 'ሁለት ልብ ካለው ሞተር ጋር ነው የምውለው በያት' ይላል። እሷም ለጎረቤቱ ሁሉ ትናገራለች። ሁለት ልብ አለው እያለች።»

ስልኩ ጮኸ። ሙሐሲን ነበር። ጋሽ ሀብተ ወልድ እጃቸው ዘይት ስለሆነ በድምፅ ማጉያው ለቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ጠፋብኝ። ጋለና ጠፋ። ነፋሱም ተነሥቷል። ግን ሰውየው ይሰማኛል! ቅድም በሞተሩ ጩኸት አልሰማሁትም ነበር፤ አሁን ሲጣራ ይሰማኛል፣ በስተግራ ነው። አይታየኝም እንጂ ቅርብ ነው።»

«ሞተሪኖውን ስንቴ መታኸው?»

«በግራው አምስቴ። እምቢ አለኝ። አሁን ቁልፉን ወደ ቀኝ አድርጌ ልመታው ነው። ሁለተኛው ልብ መቼ ሊጠቅም ነው?»

ሙንተሀ ፈገግ ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ፊታቸውን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ።

ባትሪው አምስቴ ተመትቷል። ባዶ ማግኔቶ ላይ ሌላ አምስቴ ቢመታ ያልቃል፤ ውሃው ሲመለስ፣ ነፋሱ ሲበረታ፣ ጎኑ ዝቅ ያለው ጀልባ ማዕበል እየጠጣ ይሰጥማል። ይህን ሁሉ ለማሰብ አንድ ትንፋሽ በቃቸው።

«ተው! አትምታው! ቀኙ ባዶ ነው!»

«ምን አሉኝ?»

«ባዶ ነው፣ ልጄ። ኮይል የለውም። ከአራት ወር ጀምሮ ባዶ ነው። ቁልፉን አትንካ። ጨርቅ በባሕር ውሃ ንከርና የግራው ክዳን ላይ ጣል። ሃያ ደቂቃ። ግራው ሲበርድ ይነሣል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እንዳትነካው።»

ከወዲያ በኩል ነፋስ ብቻ ተሰማ። ከነፋሱ ኋላ፣ በጣም ሩቅ፣ የሰው ድምፅ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

 ሙንተሀ ተነሥታ መዝገቡን ገለጠች። የዚያን ቀን ጠዋት ገጽ ላይ ጣቷን አደረገች።

«ደኅና ይላል።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«ሞተሩ ከተለወጠ እኔ ሃሪስ ነኝ» አሉ። «ሌላ ምክንያት የለኝም። ብፈልግም የለኝም።»

ሁለቱም ሰዓቱን እያዩ ቆሙ። ሃያ ደቂቃ ሞላ። ሃያ አምስት ሆነ። ያን ጊዜ ከባሕሩ በኩል ያ የታወቀ ጩኸት፣ አውሮፕላን ሊነሣ ሲል የሚያሰማው ዓይነት፣ ተሰማ። ሙንተሀ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሙሐሲን የደረሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር፤ እስከ ደረቱ ጭቃ ሆኖ፣ ብቻውን።

«ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ጠፋብኝ» አለ። የማንንም ፊት አላየም። «ዞርኩ፣ ዞርኩ። አጥፍቼ እንዳልሰማው፣ ደግሞ አልነሣ ቢልስ ብዬ ፈራሁ። ውሃው መጣ። ወደ ነበረበት ስመለስ የዓሣ አጥሩ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው።»

በማግስቱ ጋሽ ሀብተ ወልድ መዝገቡን ይዘው አቡ ጣሪቅ ፊት ቆሙ። ዐረብኛቸው የተሰባበረ ነበር፤ ግን አንድም ነገር አላስቀሩም። የአራት ወሩን ውሸት ገጽ በገጽ አሳዩ። ከዚያም ለዓመታት ሲከራከሩት የኖሩትን ነገር ራሳቸው ያስረዱ ጀመር። የመኪና ሞተር ከማንኛውም ማደያ ይቀዳል፣ በርሜል ከውጭ አይጠበቅለትም። ዕቃው እዚሁ ሰክራብ ቤት፣ አሮጌ መኪና የሚፈታበት፣ ሞልቷል። ከፊንጣስ ሰፈር እስከዚህ ድረስ የሚያውቀው ሜካኒክ ስለማይጠፋ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ቢዋሽ ሌላው ያጋልጠዋል። ዙሩ ስለሚቀነስለት ፕሮፔለሩ ዝግ ብሎ ይዞራል፤ ጩኸቱም ይቀንሳል።

«ዋናው ግን» አሉ፣ «በጋለበት ሰዓት ቢያጠፉት መልሶ ይነሣል። ሳይፈሩ የሚያጠፉት ሞተር ያስፈልገናል። የሚጣራ ሰው የሚሰማው ሲጠፋ ነው።»

 አቡ ጣሪቅ መዝገቡን ተቀብለው ጠረጴዛቸው ውስጥ ቆለፉበት። ስለ ኢቃማው ምንም አላሉም፤ እስከ ዛሬም አላሉም።

ሞተሩን በመኪና ሞተር የመለወጡ ሥራ ስምንት ሳምንት ፈጀ። ሙንተሀ አርብ አርብ ብቻ እየመጣች፣ ደብተሯን በርሜሉ ላይ ዘርግታ፣ ሽማግሌውን «ጋሼ፣ ይሄን ያዙልኝ» እያለች ታዛቸው ነበር። ያዙላት። መቀመጫውን ወደ ፊት የሳቡት፣ ኮምፒውተሩን ከጨው የሚያድን ሣጥን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከሣጥኑ ውስጥ ጠብታ ውሃ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለውጡ ይጠቅማል ወይ ብሎ ለሚጠራጠር ሰው ጋራዡ ክፍት ነው፤ ሄዶ ይይ። ለዚያ የዓሣ አጥር ጠባቂ ግን ስምንት ሳምንት ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ይህንንም መጻፍ ተገቢ ነው።

በአዲሱ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡ ጋሽ ሀብተ ወልድ ከሙሐሲን ጎን ተቀመጡ። ጭቃው በማለዳ ብርሃን ያብለጨልጫል። የዓሣ አጥሩ አጠገብ ሲደርሱ ሙሐሲን ሳይታዘዝ ቁልፉን አዞረና አጠፋው። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። አዳመጡ። ውሃ እንጨቶቹን ሲልሳቸው ይሰማል። ሌላ ምንም።

ቁልፉን መልሶ አዞረ። ወዲያው ተነሣ።

«አጥፋው» አሉ ጋሽ ሀብተ ወልድ።

«ምነው ጋሼ? የሰሙት ነገር አለ?»

«አልሰማሁም። አንዴ ደግመህ አጥፋው ብቻ።»