ውሻው ያሸተተው ጋቢ

ጋሼ በሺር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ሲሳፈሩ አንዲት ወጣት ብድግ ብላ የመስኮቱን ቦታ ለቀቀችላቸው። የኩታበር ጎረቤታቸው ልጅ ፊርደውስ ነበረች፤ ዛሬ ደሴ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ በሺር። ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ወዓለይኩም ሰላም ልጄ። እንዴት አይጠቁር! ልጄ ሀፊዝ ከጠፋ ይኸው አምስት ወሩ። ሰሞኑን ገደል ሥር አጥንት ተገኘ። ልጄን ልቅበር ብላቸው ፖሊሶቹ ‹መጀመሪያ ምራቅዎን ይስጡ፤ በዲኤንኤ እናመሳክር› ይሉኛል። የሞተ ሰው እንዲህ ይጉላላል? ወላሂ አልሰጥም! ገዳዩ ጎረቤታችን ጣሀ መሆኑን እንደሆነ አነፍናፊው ውሻ ነግሮናል።»

«ውሻው ምን አደረገ?»

«የሀፊዝን ጋቢ አሽትቶ ጣሀ ደጃፍ ሄዶ ቆመ። ጣሀም ታሰረ።»

የፊርደውስ ደም ፈላ። «በአፍንጫ ብቻ የስድስት ልጆች አባት አምስት ወር ይታሰራል? ምን ዓይነት ግፍ ነው!»

«ውሻ ይዋሻል እንዴ?»

«ውሻ የሰጡትን ጠረን ይከተላል። ጠረኑ የማን እንደሆነ ማጣራት የሰው ሥራ ነው። ያንን ጋቢ ሌላ ሰው ለብሶት ያውቃል?»

ሽማግሌው «በፍጹም» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሀፊዝ ከመጥፋቱ ከሳምንት በፊት እናታቸው አርፈው ነበር። ጣሀ ሦስቱን ቀን ከለቅሶው ድንኳን አልወጣም፤ ብርድ እንዳይመታው ያንን ጋቢ ያለበሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«ያረቢ! በእናቴ ለቅሶ ለጣሀ ያለበስኩት እኔው ነኝ! ከዚያ ወዲህ እንኳ አልታጠበም» አሉ።

«ለመርማሪዎቹ ነገሯቸው?»

«ማን ጠየቀኝ!»

ይህቺን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ምን ያህል ይከብድ ነበር? ውሻ ማምጣቱን ያወቁበት ሰዎች፣ ውሻው ስለሚያሸተው ልብስ አለመጠየቃቸው ያናድዳል።

«ዲኤንኤውስ አይሳሳትም?» አሉ በሺር፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ናሙናው ከተበላሸ ወይም ከተቀላቀለ ይሳሳታል። ጋቢው ላይ የጣሀ ቢገኝ እንኳ መልበሱን እንጂ መግደሉን አያሳይም። አጥንቱ የልጅዎ መሆን አለመሆኑን ግን ከእርስዎ ጋር አመሳክሮ ይለያል። ጋሼ፣ የሌላ ሰው ልጅ ቀብረው ሀፊዝን መፈለግ ቢተዉስ?»

በሺር ደሴ እንደወረዱ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ምራቃቸውንም ሰጡ፤ የጋቢውንም ነገር ቃላቸውን አስመዘገቡ።

ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። አጥንቱ የሀፊዝ አልነበረም፤ ሌላ ቤት የሚጠበቅ ሰው ነው። የጋቢው ነገር ስለተጣራ ጣሀም ተፈታ። ዛሬ በሺር በየመስጊዱ ደጅ «የጠፋ ሰው ልብስ ሌላ የለበሰው እንዳይሆን! በእጃችሁ ሳትነካኩ በንጹሕ ከረጢት ለብቻው አኑሩ፤ ዕለቱኑ ለፖሊስ አመልክቱ። ውሻ ቆመ ብላችሁ ሰው አታሳስሩ» እያሉ ይመክራሉ። ምክራቸውን የሰማ ጎረቤቱን ከእስር፣ ራሱንም ከጸጸት ያድናል።

ጣሀ የተፈታ ዕለት ግን ሌላ ሰው መምከር አልቻሉም። ደጃፉ ላይ፣ ውሻው የቆመበት ቦታ ቆመው «አፉ በለኝ» ብለው ይቅርታ ጠየቁት።

«አፉ ብያለሁ» አለ ጣሀ፣ ከስቶ ጉንጩ ገብቷል። «ይልቅ እስከ ዛሬ ሀፊዝን የት የት ፈለጋችሁት?»

ጣሀ ከታሰረ ወዲህ ማንም አልፈለገውም ነበር።